ከ1ኛ ክፍል በፊት ያለው መስመር

ለመሥሪያ ቤታችን የሰው ሀብት አስተዳደር የሥራ ሂደት
ደብረ ብርሃን

ጉዳዩ፦ በቅጹ ላይ ያልተሞላ ትምህርት ቤትን ይመለከታል

ከሁሉ አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ደብዳቤዬ ትንሽ ይረዝማል። መዝገብ ቤት ሲደርሳችሁ "ይቺ ደግሞ ምን አቤቱታ አላት?" እንዳትሉኝ። አቤቱታ አይደለም። ደሞዝም፣ እድገትም፣ ዝውውርም አልጠየቅኩም። የምጠይቀው አንድ መስመር ነው።

ባለፈው ሰሞን የሠራተኛው ማኅደር ወደ ኮምፒውተር ሊገባ ነው ተባለና ሁላችንም አዲስ ቅጽ ታደለን። ስም፣ የእናት ስም፣ የትውልድ ዘመን፣ የጋብቻ ሁኔታ። ይሄን ሁሉ ሳላስብ ሞላሁት። "የትምህርት ሁኔታ" የሚለው ሰንጠረዥ ጋ ስደርስ የመጀመሪያው ረድፍ "ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ" ይላል። እንዲህ ያለ ቅጽ ስንቴ ሞልቻለሁ! ለኮሌጅ፣ ለቅጥር፣ ለባንክ ብድር። ሁልጊዜ ከ1ኛ ክፍል ነው የምጀምረው። ዘንድሮ ግን እጄ እንቢ አለኝ። ውሸት ነዋ። እኔ 1ኛ ክፍል ስገባ ዳዊት ደግሜ ነበር።

ቅጹን ይዤ ቢሯችሁ መጣሁ። ኮምፒውተሩ ላይ የተቀመጠውን ልጅ "እዚህ ጋ፣ ከ1ኛ ክፍል በላይ፣ አንድ መስመር ጨምርልኝ" አልኩት።

"ምን የሚል፣ እትዬ?"

"የቄስ ትምህርት ቤት።"

ሳቀ። የክፋት ሳቅ አልነበረም። "እትዬ፣ ሲስተሙ አይቀበልም" አለኝ።

"ኬጂስ ይቀበላል?"

"ኬጂም አይቀበልም። የሚጀምረው ከ1ኛ ክፍል ነው።"

ልጁን አልወቅሰውም፤ ሲስተሙን እሱ አልሠራው። ግን ወረቀት ሁሉንም ይቀበላልና እዚህ ልሙላው። ደብዳቤውን ለሁሉም ግልጽ ያደረግኩት ደግሞ ብቻዬን እንዳልሆንኩ ስለማውቅ ነው። እዚሁ ከተማ አንዱ ቢሮ ግቡና ጎልማሳውን ሁሉ "ሀ ግዕዝ" በሉት። "ሁ ካዕብ" ብሎ የሚቀጥለው ብዙ ነው። ማኅደሩን ግን ብትገልጡት የለም።

የትምህርት ቤቱ ስም። ስም የለውም። "የት ነው የምትማሪው?" ሲሉኝ "የኔታ ጋ" ነበር መልሴ። አድራሻው መንዝ ነው፤ ከመሐል ሜዳ በእግር ሁለት ሰዓት ያህል፣ በልጅ እግር ሦስት። የቤተ ክርስቲያኑን ቅጥር በር ስታልፉ በስተግራ፣ ጥዱ ሥር፣ ጓሳ የተከደነ አንድ ጎጆ።

ጓሳን ለማያውቅ፦ ደጋ ላይ የሚበቅል ረጅም ሣር ነው። መንዜ ቤቱን የሚከድነው፣ ገመዱን የሚገምደው በሱ ነው። የጓሳውን ሜዳ አባቶቻችን በራሳቸው ሕግ ሲጠብቁት ኖረዋል። ለዓመታት ይዘጋል፤ ከብት አይገባም፣ ማጭድ አይነሳም። ሣሩ ሲደርስ ይከፈትና ሁሉም ድርሻውን ያጭዳል። አሁን ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ለማየት ፈረንጅ የሚመጣበት ሜዳ እሱ ነው። እኔ ግን ጓሳ ሲባል ቀድሞ የሚመጣልኝ የየኔታ ገመድ ነው። ወደሱ እመለሳለሁ።

የተማርኩበት ዘመን ከ1982 እስከ 1985። የገባሁት በአምስት ዓመቴ ነው። የ77 ልጅ ነኝ። በዚያ ክፉ ዓመት ስወለድ እናቴ "ይቺ ልጅ ከተረፈችልኝ ዳዊት አስደግማታለሁ" ብላ ለእመቤታችን ተሳለች። ተረፍኩ። ስለት ነውና መከፈል ነበረበት። በኛ ሰፈር ሴት ልጅ የኔታ ጋ ብትሄድ እንኳ ፊደል ቆጥራ ነው የምትመለሰው፤ ውኃ የሚቀዳ ሰው ያስፈልጋል። እኔን ያቆየኝ የእናቴ ስለት ነው። (ጎጃም ውስጥ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ የሚባሉ፣ ዓይናቸው የማያይ፣ ለወንዶቹ ቅኔ ያስተማሩ ሴት እንደነበሩ የሰማሁት ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ነው። ያኔ ቢነግሩኝ እኔም ዳዊት ላይ አልቆምም ነበር መሰለኝ።)

ለምዝገባ የሚጠየቅ ነገር የለም። ደብተር የለ፣ እስክሪብቶ የለ። ዩኒፎርማችን ባና ነው፤ ከበግ ፀጉር የተሠራ ልብስ። ጠዋት ሜዳው በውርጭ ነጭ ሆኖ ያድራል፤ እያንዳንዳችን አንዳንድ ኩበት ብብታችን ሥር ይዘን እንመጣለን። እሳቱ የሚነደው በተማሪ መዋጮ ነው ማለት ነው። ክፍያው እህል ነው። ገብስ ያለው ገብስ፣ ባቄላ ያለው ባቄላ። የሌለው ልጅ ያው ይማራል።

ፊደሉ ካርቶን ላይ የተለጠፈ ነበር። ጠርዙ በእጅ ብዛት ጠቁሮ ቆዳ መስሏል። በስንደዶ እየጠቆምን ሀ ግዕዝ፣ ሁ ካዕብ፣ ሂ ሣልስ እያልን እንወርዳለን። ሀ ስላልክ ብቻ አትታለፍም። ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ፤ እያንዳንዱ በስሙ ይጠራል። (ዛሬ ቴሌግራም ላይ ንጉሡን ሠ እና እሳቱን ሰ ዝም ብሎ የሚያለዋውጥ ሰው ሳይ ጀርባዬን ይበላኛል። ምን ላድርግ፣ አድጌበት ነው።)

ፊደሉን በዜማ ሸምድደህ ከጨረስክ በኋላ አቡጊዳ ይመጣል። አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ። ያው ፊደል ነው፤ ተራው ግን ተበውዟል። ፊደሉን እንደ ዘፈን ያጠና ልጅ ሁሉ እዚህ ጋ ይጋለጣል። የኔታ "እስከ ዛሬ የዘፈንከው ነው፤ አሁን አንብብ" ይሉ ነበር። ኮሌጅ ገብቼ የማስተማር ዘዴ የሚባል ኮርስ ስወስድ ይሄን ነገር በሌላ ስም አስተማሩኝ። ፈገግ አልኩና ጻፍኩት።

ከዚያ መልእክተ ዮሐንስ። አንዱ መጽሐፍ ነው፤ ግን ደጋግመህ ትማረዋለህ። መጀመሪያ በቁጥር፣ ፊደል በፊደል። ቀጥሎ ግዕዝ ንባብ፣ ከዚያ ውርድ ንባብ፣ በመጨረሻ ቁም ንባብ። ግንቦት 1983 መንግሥት ሲለወጥ እኔ ውርድ ንባብ ላይ ነበርኩ። ወታደሩ በመንገዱ ሲያልፍ ሁላችንም ወደ በሩ ግልብጥ አልን። የኔታ ከተቀመጡበት ሳይነሱ "እነሱ ይሄዳሉ፤ እናንተ ወደ ዮሐንስ ተመለሱ" አሉን። ተመለስን።

አሁን ገመዱ።

የየኔታ ዓይን ደክሞ ነበር። ብርሃንና ጥላ ይለያሉ፤ ፊደል ግን ከተዋቸው ቆይቷል። በሩ አጠገብ፣ ብርሃኑ በሚገባበት በኩል፣ መደብ ላይ ቁጭ ብለው የጓሳ ገመድ ይገምዳሉ። እኛ ወደ አሥራ አምስት እንሆናለን። አንዱ ፊደል ላይ፣ አንዱ አቡጊዳ ላይ፣ አንዱ ዳዊት ላይ፤ ሁላችንም በአንድ ጊዜ፣ ሁላችንም ጮክ ብለን። ከውጭ ሲሰማ የንብ ቀፎ ነው። ትልልቆቹ ትንንሾቹን ያስቀጽላሉ፤ እያሉላቸው ያስከትሏቸዋል። የኔታ የሚሰሙ አይመስሉም። ሁለቱን ጭራ ጓሳ በመዳፋቸው መሃል ይፈትጋሉ፣ ያጠማዝዛሉ፣ ከጉልበታቸው ሥር ይስባሉ። ይፈትጋሉ፣ ያጠማዝዛሉ፣ ይስባሉ።

በድንገት እጃቸው ይቆማል።

እጃቸው ቆመ ማለት አንዱ ተሳስቷል ማለት ነው። ንቡ ሁሉ ጸጥ ይላል። የኔታ ራሳቸውን ቀና ሳያደርጉ "ማን ነው ያላላት?" ይላሉ። ከአሥራ አምስት ድምፅ መሃል መጥበቅ ያለባትን አንዲት ፊደል አላልቶ ያለፈውን ልጅ ሰምተውታል። ልጁ ይመልሳታል። ገመዱ ይቀጥላል። እኛም እንቀጥላለን።

ነገሩን ያልተማረ ሰው እንዲገባው ያህል፦ ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። "ገና" ብዬ ብጽፍ በዓሉ ይሁን "ገና ነው" ለማለት ይሁን ወረቀቱ አይነግራችሁም። የግዕዙ ንባብ ደግሞ ከዚህም ይብሳል። የቃሉ ድምፅ የሚነሳበትና የሚወድቅበት ስልት አለው፦ ተነሽ አለ፣ ወዳቂ አለ፣ ሰያፍ አለ፣ ተጣይ አለ። እኛ የያዝነው መጽሐፍ ላይ አንዱም አልተጻፈም። ያለው መምህሩ ጆሮ ውስጥ ነው፤ ከሳቸው ጆሮ ወደኛ ጆሮ ነው የሚያልፈው። ለዚህ ነው ጮክ ብለን የምናነበው። በልብ የሚያነብ ልጅ ማን ያርመዋል?

አለንጋውን አላመሰግንም። ይሄንንም ቅጹ ላይ መሙላት አለብኝ። ነበረ። ያመኛል። አንድ ቀን በሳቅ ምክንያት የተገረፍኩት ዛሬም ትዝ ሲለኝ እጄን እሰበስባለሁ። የሁለት ልጆች እናት ነኝ፤ ልጄን ሰው በአለንጋ ቢመታብኝ ዝም አልልም። "በዚያ አድገን ነው ሰው የሆንነው" የሚሉ አሉ። እኔ ሰው የሆንኩት በገመዱ ነው፤ በአለንጋው አይመስለኝም።

ሌላም ጉድለት ነበረው። የማነበውን አላውቀውም ነበር። ግዕዝ ነዋ፤ ትርጓሜ የሚመጣው ኋላ ነው፣ ያውም ለሚቀጥሉት ወንዶች። እነሱ ደበሏቸውን ለብሰው፣ አኩፋዳቸውን ይዘው፣ የቆሎ ተማሪ ሆነው ወደ ጎጃምና ጎንደር ይሄዳሉ። እኔ ከዳዊት በኋላ መንገድ የለኝም። ስለዚህ በራሴ መንገድ እተረጉም ነበር። የዳዊት የመጀመሪያው መስመር "ብፁዕ ብእሲ ዘኢሖረ በምክረ ረሲዓን" ይላል፤ በክፉዎች ምክር ያልሄደ ሰው የተመሰገነ ነው ማለት ነው። እኔ "ረሲዓን" የሚለውን ስሰማ "የረሱ ሰዎች" መስሎኝ ነበር። የሚረሱ ሰዎችን ምክር ያልሰማ ሰው ይባረካል፤ በቃ፣ እንደዛ ነበር የገባኝ። ለብዙ ዓመት ቁልፍ ስረሳ፣ ዕቃ ስረሳ፣ ከክፉዎቹ የተቆጠርኩ እየመሰለኝ ደንገጥ እል ነበር።

በ1985 ዳዊቱን ጨረስኩ። 150ውን መዝሙር፣ ጸሎተ ነቢያቱን፣ መኃልየ መኃልዩን፣ ውዳሴ ማርያሙን። ልጅ ዳዊት ሲደግም ቤተሰብ ይደግሳል፤ ለየኔታም የአቅሙን ይሰጣል። የዚያን ዓመት በልጉ ከድቶን ነበር። በኛ ደጋ በልግ ካልሰጠ ቤት ውስጥ የሚነካ ነገር የለም። አባቴ ይዞኝ ሄደና ነጠላውን አደግድጎ "የኔታ፣ ለመስቀል ሙክት አመጣለሁ" አላቸው። ሲናገር ድምፁ ያነሰ ነበር።

"ሙክቱ ይቆይ" አሉት። "ልጅቱ እሁድ እሁድ ትምጣና ታንብብልኝ። እኔ እንደሆነ ፊደሉ ከተለየኝ ቆየ።"

ከዚያ እስከ ጳጉሜን እሁድ ከሰዓት እየሄድኩ አነበብኩላቸው። ብቻችንን ነን። ገመዱን ይገምዳሉ፤ እኔ አነባለሁ። አንዳንዴ ቀድመውኝ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። እጃቸው ሲቆም እኔም እቆማለሁ፤ ወደ ኋላ ሄጄ አርሜ እቀጥላለሁ። ወደ መጨረሻው ገመዱ ሳይቆም አንድ ሙሉ ንጉሥ የጨረስኩበት ቀን ነበር። (ንጉሥ የሚባለው የዳዊት ክፍል ነው፤ አሥር መዝሙር።) ምንም አላሉኝም። እንጨት ላይ የጠቀለሉትን ገመድ ገምሰው "ይቺን ለእናትሽ፣ ለእንስራዋ" ብለው ሰጡኝ።

ያ ገመድ ነው ምረቃዬ። ሌላ ዲፕሎማ የለኝም።

እናቴ ግን ማስረጃ አላት! በ1971 የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ ማታ ማታ ዛፍ ሥር ተምራ ስሟን መፈረም ቻለች። ወረቀቷ ዛሬም ግድግዳው ላይ አለ፤ ጭስ አጥቁሮታል እንጂ። ዘመቻው ከዩኔስኮ እስከ መሸለም የደረሰ ነው፤ ይገባውም ነበር። ብቻ አስቡት። ስሟን የምትጽፈው እናቴ የምስክር ወረቀት አላት፤ ዳዊት የደገመችው ልጇ የላትም። በሸዋ ክርስቲያን መንደሮች ዳግማዊ ምኒልክ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ከመክፈታቸው በፊት ለዘመናት ማንበብ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል በየኔታ በር ነው የገባው። ለአንዳቸውም ወረቀት አልተሰጠም።

መስከረም 1986 መሐል ሜዳ አክስቴ ጋ ገብቼ 1ኛ ክፍል ተመዘገብኩ። ልሰናበታቸው ስሄድ "በመስቀል እመጣለሁ፤ ሙክቱንም ይዤ" አልኳቸው። የልጅ አፍ። የኔታ ሳቁ። "ሙክቱ ይቅር፤ አንቺ ብቻ ነይ" አሉኝ።

አልሄድኩም። በመስቀል ጭቃው ነበር። በገና የአክስቴ ልጅ ታመመች። በፋሲካ ምክንያቱን አላስታውሰውም፤ ከዚያ በኋላ ምክንያትም አላስፈለገኝም። ሰፈር ስሄድም በዚያ በኩል ባለው መንገድ አላልፍም ነበር፤ ሙክቱ ያሳፍረኛል። የኔታ በ1991 አረፉ። እኔ ፈተና ላይ ነበርኩ። ቀብራቸው ላይ አልቆምኩም።

1ኛ ክፍል ምን ሆነ መሰላችሁ። መምህሩ ሰሌዳ ላይ ሀ ሁ ሂ ጽፎ "ማን ያነብልኛል?" አለ። እኔ ሰሌዳውን አነበብኩና ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን አሮጌ ጋዜጣም ቀጠልኩበት። ወዲያው ወደ 2ኛ ክፍል አሳለፈኝ። እዚያ ጉድ ፈላ፤ መጻፍ አልችልም! ስሜን እንኳ። የኔታ ጋ ንባብ እንጂ ጽሕፈት የለም። እርሳስ አያያዝ ያስተማረኝ ያ መምህር ነው። እሱንም እጁን ይባርክለት። እሱማ ቅጹ ላይ አለ።

አሁን ወደ ሥራዬ ልምጣ፤ መቼም ለሰው ሀብት ነው የምጽፈው። እኔ ችሎት ላይ በድምፅ የተቀዳውን የምስክር ቃል ወደ ጽሑፍ የምገለብጥ ሠራተኛ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ ነው። አንድ ጊዜ አዲስ የገባች ልጅ የገለበጠችውን እንዳመሳክር ተሰጠኝ። የሰው ጉዳይ ነውና ነገሩን ቀይሬ ነው የምነግራችሁ። አሮጊት ምስክር ናቸው። ጽሑፉ "ልጁ ሁልጊዜ ይመታል" ይላል። ልጅቷ አልተሳሳተችም፤ የሰማችውን ቃል ጽፋለች። ግን አንብቡት እስቲ። የሚመታው ልጁ ነው ወይስ ሌላ ሰው ነው ልጁን የሚመታው? 'መ' ከላላች ልጁ መቺ ነው። ከጠበቀች ተመቺ ነው። ወረቀቱ ላይ ሁለቱም አንድ ናቸው።

ማዳመጫውን አድርጌ ወደ ኋላ መለስኩት። አሮጊቷ ጥርስ የላቸውም፤ ችሎቱ ውስጥ ወንበር ይንጓጓል። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ ሰማሁት። ጠብቃለች። ጽሑፉን መንካት አይፈቀድልኝምና ከሥሩ "'መ' ጠብቆ ይነበብ" ብዬ ማስታወሻ ጻፍኩ። ዳኛው አስጠሩኝ። "ይሄ ምንድን ነው?" አስረዳኋቸው። ድምፁን ራሳቸው ሰሙት። ከዚያ ወዲያ ያለው የፍርድ ቤቱ ጉዳይ ነው። "የት ነው የተማርሽው?" ሲሉኝ ኮሌጁን ነገርኳቸው። ኮሌጅ ውስጥ ማንም ስለ መጥበቅና መላላት አንዲት ቀን አልነገረኝም። ወንበሬ ላይ ተመልሼ ስቀመጥ ነው ያፈርኩት። የተጠየቅኩት በሥነ ሥርዓት ነበር። የመለስኩት ከ1ኛ ክፍል በኋላ ያለውን ነው።

ዓምና መንገዱ ክፍት ሆኖ ሲገኝ ሄድኩ። በጣርማ በር ወደ ግራ ታጥፈን፣ በጓሳው በኩል አልፈን። መሐል ሜዳ ገበያ ወርጄ ሙክት ገዛሁ። ከአንድ የሰፈር ልጅ ጋር እየጎተትነው ወጣን። እንዴት ያለ ግትር ነበር!

ጎጆው ቆርቆሮ ለብሷል። ጥዱ አለ። አዲሱ የኔታ ወጣት ናቸው፤ ስልካቸው ጋቢያቸው ውስጥ ይጮሃል። ዘጠኝ ልጆች ቆጠርኩ። ጠዋት መንግሥት ትምህርት ቤት ኦ ክፍል ውለው ከሰዓት ነው የሚመጡት። ሦስቱ ሴቶች ናቸው፤ ይሄን ሳይ ደስ አለኝ።

"የምን በግ ነው?" አሉኝ የኔታ።

"የ1985 ውዝፍ ነው" አልኳቸው።

ነገሩን ስነግራቸው ብዙ ዝም አሉ። ከዚያ "ሙክቱ አንዱ ነው፤ ንባቡስ?" አሉኝ። ሰው ነግሯቸው ይሁን ራሳቸው ገብቷቸው እንጃ። ዳዊቱን አቀበሉኝ። ቁጭ ብዬ ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ልጆቹ ከበቡኝ። ሠላሳ ዓመት ያላነበብኩት ነገር እንደ ትላንት ወረደልኝ። ጉራ ቢጤም ሳይሰማኝ አልቀረም። ሁለተኛው መዝሙር ላይ አንድ ጥርሱ የወለቀ፣ ስድስት ዓመት የሚሆነው ልጅ እጄን ነካ አደረገኝ።

"እትዬ፣ ይጠብቃል።"

ወደ ኋላ ተመልሼ አረምኩት።

እንግዲህ የምጠይቀው ይሄ ነው። ለየኔታ ደሞዝ ይቆረጥ፣ በጀት ይመደብ አላልኩም፤ እሱ የናንተ ሥልጣንም አይደለም። ለአለንጋውም ጥብቅና አልቆምኩም። ሰንጠረዡ ላይ ከ1ኛ ክፍል በላይ አንድ መስመር ይጨመር ነው የምለው። አጠገቤ የምትሠራው ባልደረባዬ የሸዋ ሮቢት ልጅ ናት። ደብዳቤውን ሳነብላት "እኔስ? ቁርኣን ያቀራኝ ሰው የት ይጻፍልኝ?" አለችኝ። ልክ ናት። መስመሩ ለሁላችንም ይሁን፤ "ከመደበኛው በፊት የተማሩበት" ቢባል ይበቃል።

የኔ እንዲህ ይሞላልኝ፦ ትምህርት ቤት፣ የኔታ ጋ፣ መንዝ። ዘመን፣ ከ1982 እስከ 1985። ደረጃ፣ ዳዊት የደገመች። ማስረጃ፣ የለም፤ ካስፈለገ ቢሮ ቁጥራችሁን ንገሩኝና መጥቼ አነባለሁ።

ሲስተሙ አሁንም አልቀበልም ካለ፣ ይቺ ደብዳቤ ተበስታና ተሰፍታ ማኅደሬ ውስጥ ትቀመጥልኝ።

ከሰላምታ ጋር
የድምፅ ግልበጣ ባለሙያ
(ስሜ ማኅደሬ ላይ አለ)

ግልባጭ፦
ለቤተ ክርስቲያኑ ሰበካ ጉባኤ
ለአዲሱ የኔታና ለዘጠኙ ተማሪዎቻቸው
ኮምፒውተሩ ላይ ለተቀመጠው ልጅ
ለእናቴ (እሁድ ከሰዓት በስልክ ይነበብላታል)